ቴዎዶር ቢልሃርዝ፦ በሽንት ውስጥ የሚታየውን ደም መነሻ ያገኘ ሐኪም

ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 በደቡብ ጀርመን ዚግማሪንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። ሕክምና ከተማረ በኋላ በ1850 መምህሩን ዊልሄልም ግሪዚንገርን ተከትሎ ወደ ግብፅ ሄደ፤ በካይሮም በቀስር አል-ዓይኒ ሆስፒታል ሠራ።

በዚያ ዘመን በአባይ ዳር በሚኖሩ ግብፃውያን ዘንድ ደም የቀላቀለ ሽንት እጅግ የተለመደ ስለነበር ብዙዎች እንደ በሽታ አይቆጥሩትም ነበር። ቢልሃርዝ ግን በ1851 አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር፣ እስከዚያ ያልታወቀ ትል አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የትሉን እንቁላሎች በሽንት ፊኛ ግድግዳ ውስጥ አይቶ፣ ፊኛውን የሚያቆስለው ይኸው ትል መሆኑን ተረዳ። በሽታው ዛሬ በስሙ ቢልሃርዝያ ይባላል።

በ1862 ከአንድ ጀርመናዊ መስፍን ጋር ወደ ምጽዋ በተጓዘበት ወቅት በትኩሳት በሽታ ተይዞ፣ በ37 ዓመቱ ካይሮ ውስጥ አረፈ። 

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግብፅ የሚሠሩ ሐኪሞች በሽታውን ከፊኛ ካንሰር ጋር አያያዙት። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት መካከል መደበው። እንቁላሎቹ በፊኛው ግድግዳ ተቀብረው ለዓመታት ያስቆጡታል። ሰውነት የተጎዱ ሕዋሳትን ደጋግሞ ሲተካ በአዲሶቹ ላይ ስህተት ይፈጠራል፤ ስህተቱ ሲጠራቀም ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ትሉ ያለበት ሰው ሁሉ ግን በካንሰር አይያዝም።

በአገራችን በብዛት የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው። የፊኛው ዓይነት በአዋሽ ሸለቆና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። የሚይዘውም ትሉን የሚያሳድጉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ወንዝ ወይም ኩሬ ስንታጠብ፣ ስንዋኝ ወይም ስንሠራ በቆዳችን በኩል ገብቶ ነው።

እርስዎ ወይም ልጅዎ በሽንት ደም ካያችሁ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ በእነዚህ አካባቢዎች ኖራችሁ ከነበረም ለሐኪሙ ንገሩ። በሽታው በሽንት ምርመራ ይታወቃል፤ ፕራዚኳንቴል በሚባል ኪኒንም ይታከማል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ ቀድሞ የደረሰውን ጉዳት ሁሉ አያጠፋም። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላም ደም ከታየ ፊኛው እንዲመረመር ተመልሳችሁ ሂዱ።