ከኩባንያ ፕሬዚዳንትነት ወደ መከላከያ ሚኒስትርነት

የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ቻርልስ ኤርዊን ዊልሰን ስማቸው እስከ ዛሬ በይበልጥ የሚነሳው፣ ሹመታቸው ከመጽደቁ በፊት እንዲሸጡ ከተጠየቁት አክሲዮን ጋር በተያያዘ ነው።

ሚስተር ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1890 በኦሃዮ ግዛት ሚነርቫ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በ1909 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ተቀጠሩ። በ1919 ወደ ጄኔራል ሞተርስ ተዛውረው ደረጃ በደረጃ ካደጉ በኋላ በ1941 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኩባንያው የመኪና ማምረቻዎቹን ወደ ጦር መሣሪያ ምርት ሲያዞር በኃላፊነት መርተዋል። በ1948ም የሠራተኛው ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ የሚሄድበትን ስምምነት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር አድርገዋል።

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለመከላከያ ሚኒስትርነት ሲያጯቸው ግን ጥያቄ ተነሳ። ሚኒስቴሩ ከጄኔራል ሞተርስ ብዙ ዕቃ የሚገዛ ሲሆን፣ እጩው ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ የሚያወጣ የኩባንያው አክሲዮን ነበራቸው። የአገሪቱ ሕግ አንድ ባለሥልጣን ጥቅም ካለው ድርጅት ጋር መንግሥትን ወክሎ እንዳይዋዋል ይከለክላል።

በጥር 1953 የሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ኩባንያውን የሚጎዳ ውሳኔ መወሰን ይችሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም እንደሚችሉ፣ ሆኖም ለአገር የሚበጀው ለኩባንያው፣ ለኩባንያውም የሚበጀው ለአገር ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ ብለው እንደማያስቡ ገለጹ። ስብሰባው ዝግ ስለነበር አባባላቸው ተቆርጦ ወደ ውጭ ወጣ፤ የኩባንያቸውን ጥቅም ከአገር ያስቀደሙ ተደርገውም ተወቀሱ።

አክሲዮኑን ላለመሸጥ ያንገራገሩት ሚስተር ዊልሰን በመጨረሻ ለመሸጥ ተስማሙ። ሴኔቱም ሹመታቸውን በ77 ድጋፍና በ6 ተቃውሞ አጸደቀ። እስከ ጥቅምት 1957 ባገለገሉበት ጊዜ የመከላከያ ወጪን በመቀነስ ይታወቃሉ።

የተተኩትም በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ፕሬዚዳንት በኒል ማኬልሮይ ነበር። ማኬልሮይ በ1959 ሥልጣን ሲለቁ የዚያው ኩባንያ የቦርድ ሊቀመንበር ሆነው ተመለሱ። በጥር 1961 ደግሞ የፎርድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ማክናማራ ያንኑ ወንበር ያዙ። ሚስተር ዊልሰን በዚያው ዓመት መስከረም ወር በ71 ዓመታቸው አረፉ።

ከኩባንያ ወደ መንግሥት ኃላፊነት የሚወስደው መንገድ ከእርሳቸው በኋላም አልተዘጋም። የእርሳቸው ታሪክ የሚያስገነዝበው የሕዝብን ኃላፊነት የሚረከብ ሰው ሐቀኝነቱ ብቻ በቂ ዋስትና እንደማይሆንና የግል ጥቅሙን አስቀድሞ መለየት እንደሚኖርበት ነው።