ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ

ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ (ጃንዋሪ 23 ቀን 1855 – ኖቬምበር 26 ቀን 1926 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የጦር መሣሪያ ፈጣሪ ነበር። በሕይወት ዘመኑ 128 ፓተንቶችን አግኝቷል። ብዙ ሰዎች ስሙን የሚያውቁት በሽጉጦቹና በመትረየሶቹ ነው። በዳክዬና በዝይ አዳኞች ዘንድ ግን ይበልጥ የሚታወቀው አውቶ-5 በተባለው የርሽ ጠመንጃው ነው። ይህ ጠመንጃ በገበያ የተሳካለት የዓለም የመጀመሪያው ከፊል አውቶማቲክ የርሽ ጠመንጃ ነው። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩስ፣ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ግን ራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የወጣትነት ዘመን

ብራውኒንግ የተወለደው ዩታ ውስጥ በምትገኘው ኦግደን ከተማ ነው። አባቱ ጆናታን ብራውኒንግ ጠመንጃ ሠሪ ሲሆን፣ ወደ ዩታ የመጣው በ1852 ከሞርሞን ስደተኞች ጋር ነበር። ጆናታን ከሦስት ሚስቶቹ 22 ልጆችን ወልዷል። ጆን ከትንሽነቱ ጀምሮ በአባቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲውል አደገ፤ የመጀመሪያ ጠመንጃውንም ገና ልጅ ሳለ ከወዳደቁ ዕቃዎች ሠራ።

በ1879 አባቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ጆን ሬቸል ቴሬሳ ቻይልድን አገባ፤ አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ ጠመንጃ የመጀመሪያ ፓተንቱንም አገኘ። ከወንድሞቹ ጋር በኦግደን ከተማ ትንሽ ፋብሪካ ከፍቶ ይህንኑ ጠመንጃ ማምረት ጀመረ።

ከዊንቸስተር ጋር

በ1883 የዊንቸስተር ኩባንያ ኃላፊ ቶማስ ቤኔት ኦግደን ድረስ መጥቶ የጠመንጃውን መብት በ8,000 ዶላር ገዛ። ከዚያ በኋላ ለ19 ዓመታት ብራውኒንግ ይነድፋል፣ ዊንቸስተር ይገዛል። በ1886፣ በ1892 እና በ1894 የወጡት የዊንቸስተር ጠመንጃዎች የእርሱ ንድፎች ናቸው። በ1887 እና በ1897 የወጡት የርሽ ጠመንጃዎችም እንዲሁ። ክፍያው ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚሰጥ ገንዘብ ነበር። ኩባንያው ብዙዎቹን ንድፎች የገዛው ለማምረት ሳይሆን በተፎካካሪ እጅ እንዳይገቡ ነበር።

የአውቶ-5 አፈጣጠር

ብራውኒንግ ራሱ አዳኝና የታወቀ ተኳሽ ነበር። የኦግደን አካባቢ ለታላቁ የጨው ሐይቅ ረግረጎች ቅርብ ነው። በስደት ወቅት ዳክዬዎችና ዝዮች በብዛት ያርፉበታል። የውኃ ወፍ አዳኝ ወፎቹ የሚያልፉበትን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚያገኝ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥይት ሳይዘገይ መተኮስ ይፈልጋል። በጊዜው የነበሩት ጠመንጃዎች ግን ከሁለት ጥይት በኋላ እንደገና የሚጎርሱ፣ ወይም በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል በእጅ የሚሳቡ ነበሩ።

ብራውኒንግ ለዚህ መፍትሔ ያደረገው ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋበትን ኃይል ነው። ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙና መዝጊያው እንደተቆላለፉ አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ አፈሙዙ ቀድሞ ወደ ቦታው ሲመለስ ባዶው ቀለህ ይወጣል። በመጨረሻ መዝጊያው አዲስ ጥይት ይዞ ይከተላል። ጠመንጃው አራት ጥይት በቱቦው፣ አንድ በአፈሙዙ ይይዛል፤ አውቶ-5 የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቁ ችግር የርሽ ጥይቶች ኃይል አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነበር። ለቀላል ጥይት የተስተካከለ መሣሪያ በከባድ ጥይት ይጎዳል፤ ለከባድ የተስተካከለው ደግሞ በቀላል ጥይት አይሠራም። ብራውኒንግ በጥይት ቱቦው ዙሪያ የፍትጊያ ቀለበቶችን አስገባ። አዳኙ ለከባድ ጥይት ቀለበቱን ከሞላው ፊት፣ ለቀላል ጥይት ደግሞ ከሞላው ኋላ ያደርገዋል። ፓተንቱ የተሰጠው በ1900 ነው።

ከዊንቸስተር መለያየት

ብራውኒንግ ይህ ጠመንጃ ብዙ እንደሚሸጥ እርግጠኛ ስለነበር አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚከፈልን ዋጋ አልተቀበለም። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ድርሻ እንዲከፈለው ጠየቀ። ቤኔት ይህን ከተቀበለ ለሌሎችም ፈጣሪዎች መንገድ እንደሚከፍት በማሰብ እምቢ አለ። የ19 ዓመቱ ግንኙነትም በዚሁ ተቋረጠ።

ብራውኒንግ ቀጥሎ የሄደው ወደ ሬሚንግተን ኩባንያ ነበር። በጃንዋሪ 1902 ቀጠሮው ደርሶ ሲጠባበቅ የኩባንያው ኃላፊ ማርሴለስ ሃርትሊ በልብ ድካም በድንገት መሞቱ ተነገረው። በዚያው ዓመት ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤልጂየም ተሻገረ። በሊዬዥ አጠገብ በኸርስታል የሚገኘው ፋብሪክ ናሲዮናል ቀደም ሲል ሽጉጡን ያመርትለት ነበር፤ የርሽ ጠመንጃውንም በፈለገው ውል ተቀበለው። ብራውኒንግ ወዲያው 10,000 ጠመንጃ አዘዘ። በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀረጥ ስለከበደ፣ ሬሚንግተን ከ1905 ጀምሮ ሞዴል 11 በሚል ስም በፈቃድ አሜሪካ ውስጥ አመረተው። ከሞዴል 11 ብቻ ከ800,000 በላይ ተሠርቷል።

ዊንቸስተር የራሱን ከፊል አውቶማቲክ የርሽ ጠመንጃ በ1911 ሲያወጣ የብራውኒንግን ፓተንቶች መዝለል ነበረበት። መዝጊያው መሳቢያ እጀታ ስላልነበረው ተጠቃሚው አፈሙዙን ራሱን በእጁ ይዞ መግፋት ነበረበት፤ ይህም አደጋ አስከተለ። ጠመንጃው በ1925 ተቋረጠ።

የወፎቹ ጥያቄ

የአውቶ-5 ፍጥነት ተቃውሞም አስነሣ። በዚያ ዘመን ወፍ እየገደሉ ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች ነበሩ። የእንስሳት ተመራማሪው ዊልያም ሆርናዴይ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን ለዱር እንስሳት መጥፋት ምክንያት ናቸው ብሎ ተቃወመ። የፔንሲልቬኒያ ግዛት ቀደም ብሎ በ1907 በአደን እንዳይሠራባቸው ከልክሎ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቀውን ሕግ በ1918 አወጣ። በ1930ዎቹ ድርቅ የዳክዬዎች ቁጥር በጣም ሲቀንስ፣ በ1935 የውኃ ወፍ አዳኝ ጠመንጃ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ የአምስት ጥይቱ ጠመንጃ በቱቦው ውስጥ ማገጃ እየተደረገበት ለአደን ይወጣል።

ሌሎች ሥራዎችና ሞት

በ1911 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ሽጉጥ፣ የ1917 መትረየስና በ1918 የወጣው አውቶማቲክ ጠመንጃ የብራውኒንግ ሥራዎች ናቸው። ከዊንቸስተር ጋር በድርሻ ክፍያ የተጣላው ይኸው ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመንግሥት የሸጣቸውን መብቶች በ750,000 ዶላር ለቀቀ፤ ይህም በድርሻ ቢከፈለው ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ ነበር።

ብራውኒንግ በኖቬምበር 26 ቀን 1926 በኸርስታል ፋብሪካ፣ በልጁ በቫል ቢሮ ውስጥ በልብ ድካም ሞተ። የተቀበረው በኦግደን ነው። አፈሙዞቹ ላይና ታች የተደራረቡበትን የመጨረሻ የርሽ ጠመንጃውን ቫል ከፍጻሜ አድርሶ በ1931 ለገበያ አበቃው።

አውቶ-5 እና የዛሬ አዳኞች

አውቶ-5 ምርቱ እስከ 1998 ቀጥሏል። ዛሬ ለውኃ ወፍ አደን የሚመረጡት ከፊል አውቶማቲክ የርሽ ጠመንጃዎች በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሠራሉ። በባሩድ ጋዝ የሚሠሩት ትከሻን የሚመታው ግፊት ይለዝብላቸዋል፤ ነገር ግን ጥላሸት ስለሚይዛቸው ቶሎ ቶሎ መጽዳት ይፈልጋሉ። በመዝጊያው ውስጥ ባለ ሞላና ክብደት የሚሠሩት በአብዛኛው ቀለል ያሉና ቆሻሻ የማይበዛባቸው ናቸው፤ ግፊታቸው ግን ይበረታል።

የድሮውን አውቶ-5 የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው የፍትጊያ ቀለበቶቹ ከሚተኩሰው ጥይት ጋር መስማማታቸው ነው። ቀለበቱ ለቀላል ጥይት እንደተስተካከለ ከባድ ጥይት ከተተኮሰ ጠመንጃው በራሱ ግፊት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው የርሹ ዓይነት ነው። እርሳስ በረግረግ ውስጥ ወፎችን ስለሚመርዝ ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ለውኃ ወፍ አደን ተከልክሏል። በምትኩ በብዛት የሚሠራበት የብረት ርሽ ግን ከእርሳስ ይልቅ ጠጣር ስለሆነ፣ ቤልጂየም ውስጥ የተሠሩት የቀድሞ አፈሙዞች ሊበላሹበት ይችላሉ።