እስረኛው የነጭ ሸክላ ሠሪ
የዮሐን ፍሪድሪኽ ቦትገር አጭር የሕይወት ታሪክ

ዘወትር ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ሲሆን፣ ትርጕሙም የቻይና ማለት ነው። ስሙ ብቻውን ታሪክ ይነግረናል፤ ይኸውም ነጩና ብርሃን የሚያሳልፈው ሸክላ፣ ፖርሴሊን የተባለው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከሩቅ ምሥራቅ ይመጣ እንደ ነበር ነው። የአውሮፓ መኳንንት ሱረታቸውን የሚይዙባት፣ በአበባ ሥዕልና በወርቅ ቅብ ያጌጠች ትንሽ ሙዳይ በአውሮፓ ምድር ከእውነተኛ ፖርሴሊን ልትሠራ የቻለችው ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦትገር በ1682 በጀርመን አገር ሽላይጽ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በበርሊን ከአንድ መድኀኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ይማር ጀመር፤ ልቡ ግን ተራውን ብረት ወርቅ እናደርጋለን ወደሚሉት ሰዎች አዘነበለ። በ1701፣ በ19 ዓመቱ፣ በምስክሮች ፊት የብር ገንዘብ ወደ ወርቅ ለወጠ ተብሎ ወሬው ተነዛ። ብር ተቀምሞ ወርቅ እንደማይሆን ዛሬ ስለምናውቅ ነገሩ ማታለል እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ ነገሥታቱ ግን አመኑት። የፕሩሲያ ንጉሥ ሊያስይዘው ቢፈልግ ወደ ሳክሶኒ ሸሸ፤ በዚያም የሳክሶኒ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ኀይለኛው አውግስጦስ ወርቅ እንዲሠራለት በድሬስደን አሰረው።

በ1703 አምልጦ እስከ ኦስትሪያ ቢደርስም ተይዞ ተመለሰ። ዓመታት አለፉ፤ ንጉሡ ገንዘብ አፈሰሰ፤ ወርቁ ግን አልታየም። የዚህ ዐይነቱ ተስፋ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ የፕሩሲያ ንጉሥ ካየታኖ የተባለውን ወርቅ ሠሪ ነኝ ባይ በ1709 በስቅላት እንዳስቀጣው ማስታወስ ይበቃል።

ቦትገርን ከዚህ ዕጣ ያዳነው ፎን ቺርንሃውስ የተባለ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በትላልቅ መስተዋቶችና ሌንሶች የፀሐይን ብርሃን እያሰባሰበ ማዕድን ያቀልጥ፣ የፖርሴሊንንም ምስጢር ለብዙ ጊዜ ይመረምር ነበር። እስረኛውን ወጣት ወደዚህ ሥራ አገባው፤ ከፍራይበርግ የመጡ የማዕድንና የእቶን ሠራተኞችም ረዱአቸው። መጀመሪያ ቀይና ጠንካራ ሸክላ አገኙ። ከዚያም ጃንዩወሪ 15 ቀን 1708 ቦትገር 7 የአፈር ድብልቆችን በእሳት ፈትኖ ውጤታቸውን መዘገበ፤ ከእነርሱም ነጭና ብርሃን የሚያሳልፉ ተገኙ።

የምስጢሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ብርቱ እሳት ይችላል። ከእርሱ ጋር የሚደባለቀው ድንጋይ፣ በመጀመሪያ አልባስጥሮስ፣ በኋላም ፌልድስፓር፣ ከ1300 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት እንደ መስተዋት ቀልጦ በአፈሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ ዕቃው ውሃ አያሳልፍም፤ ብርሃን ግን ያሳልፋል። በእሳቱም ውስጥ ይኰማተራል። ሙዳይ መሥራት አስቸጋሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክዳኑና ገላው እኩል ካልተኰማተሩ አይገጣጠሙም።

ቺርንሃውስ በ1708 ኦክቶበር ሞተ። ቦትገር በ1709 ማርች ነጩን ፖርሴሊን ለመሥራት መቻሉን ለንጉሡ አስታወቀ። ክብሩ ለማን እንደሚገባ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ስማቸው ያልተጠራው የእቶን ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። በ1710 ፋብሪካው ተቋቁሞ ማይሰን ከተማ ባለው ኮረብታማ ግንብ ውስጥ ሥራ ጀመረ።

ቦትገር እውነተኛ ሀብት ካስገኘ በኋላ ነጻ ይወጣል ብለን እናስብ ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ስለ ውሸቱ የታሰረው ሰው አሁን ስለ ዕውቀቱ ይጠበቅ ጀመር። በ1714 ቢፈታም ምስጢሩን ይዞ ከአገር እንዳይወጣ ተከለከለ። በፋብሪካውም አንዱ የአፈሩን ቅመም፣ ሌላው የሚያብረቀርቀውን ልባስ ብቻ እንዲያውቅ ተደረገ። ፖርሴሊን በዚያ ዘመን ምን ያህል ይከበር እንደ ነበር ለመገመት፣ አውግስጦስ በ1717 ለ151 የቻይና ዕቃዎች 600 ፈረሰኛ ወታደሮቹን ለፕሩሲያ መስጠቱን እንመልከት። የሰው ልጅ በሸክላ ተለወጠ!

ጥበቃው ሁሉ አልጠቀመም። በ1718 በቪየና ሁለተኛ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከማይሰን የኰበለሉ ሠራተኞችም ረዱት። ቦትገር በ1719፣ ጤናው ተሰብሮና ዕዳ ተከምሮበት፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። በሥዕል ያጌጡትን፣ በወርቅ ማጠፊያ የሚከፈቱትን የማይሰን ሙዳዮች ዝና አላየም። በ1768 በፈረንሳይ አገር በሊሞዥ አጠገብ ካኦሊን ተገኘ፤ በዚያም ከተማ በእጅ የሚቀቡ ሙዳዮች እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ያልያዝነውን ዕውቀት ይዘናል ማለት በገዛ አፋችን የምንፈርመው ዕዳ ነው፤ ቦትገር በዕድሜው ከፈለው። ዕውቀትን በግንብ ከልለው የብቻቸው ለማድረግ የሚሹ ጌቶችም ሰውን ለማሰር ይችሉ ይሆናል፤ ዕውቀቱ ግን በሠራተኛው እጅ ይዞ ይሄዳል።