ጀምስ ብሩስ፦ የግሽ ዓባይ ተጓዥና የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዝጋቢ

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ከተሞች በስተሰሜን፣ በምዕራብ ጎጃም ዞን ሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ ይገኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 በዚህ ስፍራ ከዓባይ ምንጭ ደረሰ። ስሙ በአብዛኛው የሚነሣው ከምንጩ ጋር ነው፤ ይሁን እንጂ ለሀገራችን የተወው ዘላቂ ሥራ የዕፅዋት ምዝገባው ነው። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ እንሰት፣ ዋጊኖስና ጤፍ በአውሮፓ የዕፅዋት ሳይንስ ዘንድ እንዲታወቁ የእርሱ ጽሑፍ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

ልደቱና የጉዞው መነሻ

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለ ስፍራ ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የሕግ ትምህርት ጀምሮ አልገፋበትም፤ ሚስት አግብቶ በወይን ጠጅ ንግድ ቢሰማራም ባለቤቱ በተጋቡ በወራት ውስጥ ስለሞተችበት ፊቱን ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1763 በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊም በረዳትነት ተቀጥሮ አብሮት ይጓዝ ጀመር።

ሁለቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ከምጽዋ ወደብ ደረሱ፤ በየካቲት 1770 ደግሞ ጎንደር ገቡ። ዘመኑ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ላይ የነበሩበት፣ የመንግሥቱ ሥልጣን ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የገባበት የሁከት ወቅት ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት በቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ ያለውን የሕክምና ዕውቀት ተጠቅሞ የታመሙትን በማስታመሙ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተወዳጅነትን አገኘ። ንጉሡ የግሽን መንደር እንደሰጡትም በመጽሐፉ ጽፏል።

ዕፅዋት በቤተሰብ እንዴት ይመደባሉ?

በብሩስ ዘመን በስፋት ይሠራበት የነበረው የስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ሥርዓት ነበር። ሊኒየስ ዕፅዋትን በዋነኛነት የመደበው የአበባቸውን ወንዴና ሴቴ አካላት በመቁጠር ነው። ቆጠራው ለጀማሪ ቀላል ቢሆንም ዝምድና የሌላቸውን ዕፅዋት በአንድ ክፍል ያሰባስብ ነበር። ፈረንሳዊው አንትዋን ሎራን ዴ ዡስዩ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው ሥራ የአበባን፣ የፍሬን፣ የዘርንና የሌሎች ክፍሎችን ባሕርያት በአንድነት በማመዛዘን ዕፅዋትን በተፈጥሯዊ ቤተሰቦች አደራጀ። በአሁኑ ጊዜ የዘረ መል ምርመራ ተጨምሮበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት አበባ የሚያወጡ ዕፅዋት በ416 ቤተሰቦች ተከፍለዋል።

የብሩስ ዕፅዋት ለዚህ አሠራር ጥሩ ማሳያ ናቸው። እንሰትን፣ በጎጃም ኮባ በመባል የሚታወቀውን ተክል፣ ብዙዎች ከሙዝ አይለዩትም ነበር። ብሩስ ግን ፍሬውንና ዘሩን መርምሮ እንሰት ሙዝ አይደለም ሲል ተከራከረ። የኋለኛው ሳይንስም እንሰት የሙዝ ቤተሰብ አባል ሆኖ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን አረጋገጠ፤ ወገኑም በኢትዮጵያዊ ስሙ እንሰት ተብሎ ተመዘገበ።

ኮሶን ደግሞ ብሩስ ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ባንክሲያ ብሎ ሰይሞት ነበር። ነገር ግን ይኸው ስም አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር፣ የቀደመ ስም ይጸናል በሚለው ደንብ መሠረት ኮሶ እ.ኤ.አ. በ1791 ሃጌኒያ ተባለ። የኮሶ አበባ ለዓይን ጽጌረዳን ባይመስልም የአካላቱ አሠራር ከቀጋና ከእንጆሪ ጋር በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ያስመድበዋል።

የተሰጠና የተነፈገ ስም

ብሩስ በተቅማጥ ደዌ በታመመ ጊዜ የአካባቢው ሰዎች በዋጊኖስ ሥር አክመውት እንደዳነ ጽፏል። የተክሉ ሳይንሳዊ ወገን ግን ብሩሲያ ተብሎ በእርሱ ስም ተጠራ፤ መድኃኒቱን ያሳወቁት ሰዎች በስያሜው አልታሰቡም። ዋጊኖስም ሆነ ኮሶ ከመጠን ካለፉ ጉዳት የሚያስከትሉ በመሆናቸው ያለ ባለሙያ ምክር ሊወሰዱ አይገባም።

ባሉጋኒ እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር ታሞ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ የሠዓሊውን ድርሻ ከመግለጽ ተቆጠበ፤ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎም አቀረበ። የባሉጋኒ የራሱ የጉዞ ማስታወሻዎች ግን ግሽ መድረሱን ያስረዳሉ፤ የዕፅዋት ሥዕሎቹም ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀው ይገኛሉ። እንዲሁም ብሩስ፣ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን ማየቱን ሊቀበል አልፈቀደም። የአካባቢው ሕዝብ ደግሞ ከሁለቱም አስቀድሞ ምንጩን ያውቅና ያከብር ነበር።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1774 የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ጨምሮ በርካታ የብራና መጻሕፍትን ይዞ ለንደን ሲመለስ የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም። ጉዞውን በአምስት ቅጽ ያሳተመው ከ16 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። ከአራት ዓመት በኋላም በኪኔርድ መኖሪያው ከደረጃ ላይ ወድቆ አረፈ።

ዛሬ

ብሩስ ዘርና ናሙና ይዞ ሲወጣ የሚጠየቅ የጽሑፍ ፈቃድ አልነበረም። በአሁኑ ጊዜ የኢትዮጵያ ዕፅዋት በሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ይጠናሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርቤሪየም የተመራውና 6 ሺህ ገደማ ዝርያዎችን የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድብልም እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቋል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን እንዲሁም የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ደግሞ የዕውቀቱ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲስማማ፣ ከጥቅሙም እንዲካፈል ይደነግጋል። ስለሆነም የዕፅዋትን የጄኔቲክ ሀብት ለምርምርም ሆነ ለሌላ ዓላማ ከሀገር ማውጣት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው በቅድሚያ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።