ፔኒሲሊንና ሰባሪው፦ የኧርነስት ቼይን ታሪክ

ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ፍሪጅ ውስጥ የኦግመንቲን ሽሮፕ ተቀምጦ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አንድ መድኃኒት ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ሁለተኛው ገዳዩን ከባክቴሪያው ይጠብቃል። መድኃኒት እንዴት ጠባቂ ያስፈልገዋል? ይህን ለመረዳት ከበርሊን የተሰደደ አንድ አይሁዳዊ ኬሚስት ሕይወት ውስጥ መግባት አለብን። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኧርነስት ቼይን በ1906 በርሊን ተወለደ። አባቱ ከሩሲያ የመጣ፣ በኬሚካል ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተ። ቼይን ፒያኖ በጣም ጎበዝ ስለነበር ሙዚቀኛ ለመሆን ሁሉ አስቦ ነበር። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ግን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እናቱና እህቱ እዚያው ቀሩ።

በ1935 ኦክስፎርድ ገብቶ ከፍሎሪ ጋር መሥራት ጀመረ። የቆዩ ጽሑፎችን ሲያገላብጥ ፍሌሚንግ በ1929 ስለ ፔኒሲሊን ያወጣውን አገኘ። እኛ ትምህርት ቤት የምንማረው ፍሌሚንግን ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ትንሽ ያናድደናል። ሻጋታውን ወደ መድኃኒትነት የቀየሩት እኮ ፍሎሪ፣ ቼይን፣ ሂትሊና ጓደኞቻቸው ናቸው። ግንቦት 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን ገዳይ ባክቴሪያ ወጉ፤ ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ። ሲነጋ ያልተሰጣቸው አራቱ ሞተው፣ የተሰጣቸው በሕይወት ተገኙ።

ሁሉም ሲደሰት ቼይንና ባልደረባው ኤብርሃም ሌላ ጥያቄ ያዙ፦ አንዳንድ ባክቴሪያ በፔኒሲሊን የማይሞተው ለምንድን ነው? አንጀት ውስጥ የሚኖረውን፣ ኦክስጅን ቢኖርም ባይኖርም የሚያድገውን ኮሊ የተባለ ባክቴሪያ ፈጭተው ጭማቂውን ከፔኒሲሊን ጋር ሲያደባልቁት ፔኒሲሊኑ ኃይሉን አጣ። በውስጡ ያለው ኤንዛይም ሰብሮታል ማለት ነው። ፔኒሲሊኔዝ ብለው ጠሩት። ይህን ያሳተሙት በታኅሣሥ 1940 ነው፤ ኦክስፎርድ ውስጥ ፔኒሲሊን ገና አንድም በሽተኛ ለማዳን ሳይሞከር። በቀጣዩ የካቲት አንድ ፖሊስ ታከመ፤ እየተሻለው ሳለ መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ቢሰጡትም አልበቃም፤ ሞተ።

ኤንዛይሙ እንዴት ይሠራል? ፔኒሲሊን አራት አቶሞች ያሉት ትንሽ ቀለበት አለው፤ ኃይሉ ያለው እዚያ ነው። ኤንዛይሙ በውሃ አማካይነት ቀለበቱን ይከፍተዋል፤ የተከፈተ ቀለበት ደግሞ ባክቴሪያን አይጎዳም። ቀለበቱ መኖሩን በ1943 ያቀረቡት ራሳቸው ኤብርሃምና ቼይን ነበሩ፤ ዶሮቲ ሆጅኪን በኤክስሬይ አረጋገጠችው።

በአንጀታችን ኦክስጅን ባለበት የማያድጉ ባክቴሮይድስ የሚባሉም አሉ። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሆድ ውስጥ ከሚፈሰው መካከል ናቸው። ብዙዎቹ የዚሁ ዓይነት ኤንዛይም ይሠራሉ። የሚያስገርመው፣ መግል ውስጥ ሆነው መድኃኒቱን ሲሰብሩ ራሱን መከላከል የማይችለውን ጎረቤት ባክቴሪያ ጭምር ያስጥሉታል።

ቼይን በ1945 ከፍሌሚንግና ከፍሎሪ ጋር ኖቤል ተሸለመ። እናቱንና እህቱን ግን ናዚዎች ገድለዋቸው ነበር። ስንቱን ሰው ያዳነ ሰው የራሱን ቤተሰብ ማዳን አልቻለም። በኋላ ከአይሁዳዊነቱ ጋር ይበልጥ ተቀራረበ፤ ሬሖቮት ያለው የቫይስማን ተቋም የቦርድ አባልም ሆነ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔኒሲሊን የማይገድላቸው ስታፍ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በሎንዶን ሆስፒታል በዝተው ታዩ። መሣሪያቸው ያው ኤንዛይም ነበር። ቼይን ያኔ ሮም ተዛውሮ ነበር። ቢቻም የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ሲያማክር፣ የፔኒሲሊንን ቅርጽ እየለወጡ አዳዲስ ዓይነት እንዲሠሩ ገፋፋቸው። የኩባንያው ተመራማሪዎች በ1957 የፔኒሲሊንን እምብርት ለይተው አወጡ፤ ከዚያም የስታፍ ኤንዛይም በቀላሉ የማይሰብረው ሜቲሲሊን ተሠራ።

በ1970ዎቹ ደግሞ እዚያው ኩባንያ ክላቩላኒክ አሲድ ተገኘ። ኤንዛይሙ ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስፈታዋል፤ የባክቴሮይድስንም ጭምር። ቼይን በነሐሴ 1979 አየርላንድ ውስጥ ሞተ። ኦግመንቲን በእንግሊዝ ለሽያጭ የቀረበው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።