በአሰብ በኩል ያለፈችው አብራሪ

በ1937 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር አጋማሽ፣ ባለ ሁለት ሞተር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከካርቱም ተነሥታ ምጽዋ አረፈች፤ ከዚያም ወደ አሰብ ተሻገረች። ጊዜው ሀገራችን በፋሽስት ወረራ ሥር የወደቀችበት፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ገና አራት ወር የሞላው ነበር። አብራሪዋ አሜሪካዊቷ አሚሊያ ኤርሃርት ስትሆን፣ ዓላማዋም በምድር ወገብ አቅራቢያ ዓለምን መዞር ነበር። በአሰብ ነዳጅ ሞልታ ያለ ዕረፍት እስከ ካራቺ በረረች።

አሚሊያ በካንሳስ ግዛት፣ አቺሰን በተባለች ከተማ በ1897 ተወለደች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በካናዳ ቁስለኞችን አስታመመች። በ1920 ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ወጣች፤ በማግስቱ ዓመት መማር ጀመረች። በ1928 አትላንቲክን ስታቋርጥ ተሳፋሪ ብቻ ነበረችና ክብሩ አላረካትም።

በግንቦት 1932 ግን ብቻዋን ተነሣች። በሌሊቱ ጉዞ የከፍታ መለኪያዋ ተበላሸ፤ ከሞተሩ የጭስ ማውጫ ስንጥቅ እሳት ይታይ ጀመር፤ ከነዳጅ መለኪያውም ቤንዚን ወደ መቀመጫዋ ይንጠባጠብ ነበር። እሳትና ቤንዚን በአንድ ጠባብ ክፍል ሲቀራረቡ ምን እንደሚያስከትሉ ለገበሬም ለከተሜም መንገር አያሻም። ወደ 15 ሰዓት ገደማ ከበረረች በኋላ በሰሜን አየርላንድ የግጦሽ መስክ ላይ በሰላም አረፈች።

የዓለም ዙሪያው ጉዞ ከሁሉ ይልቅ የነዳጅ ሒሳብ ነበር። የውኃ ፓምፕ ቤንዚን ቢጨርስ ሥራ ይቆማል እንጂ ሰው አይሞትም፤ በውቅያኖስ ላይ ግን መቆሚያ የለም። ስለዚህ የተሳፋሪ ወንበሮች ተነሥተው በምትካቸው ታንኮች ተተከሉ። ይሁንና ነዳጅ ራሱ ሸክም ነው፤ ክብደቱን ለመሸከም ተጨማሪ ነዳጅ ይቃጠላል። የአውሮፕላኑ ፋብሪካ መሐንዲስ በየከፍታው ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት፣ ከአየር ጋርም ምን ያህል ቤንዚን መቀላቀል እንዳለበት አስልቶ ሰጥቷት ነበር። የፊት ነፋስ ሲበረታ ግን በዚያው ነዳጅ የሚደረሰው ርቀት ያጥራል።

ሐምሌ 2 ቀን 1937 ከኒው ጊኒዋ ላኤ ከመንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን ጋር ስትነሣ ወደ 4,100 ሊትር ገደማ ጭና ነበር፤ ክብደቱ ሦስት ቶን ያህል ይሆናል። መድረሻዋ ሃውላንድ ደሴት ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ርዝመቱ ግን ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የምትጠብቃት የአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃ መርከብ ኢታስካ ጢስ እያወጣች ምልክት ትሰጥ ነበር። ጠዋት የአሚሊያ ድምፅ በሬዲዮ ተሰማ፤ መርከቧን ማየት እንዳልቻለችና ነዳጇ እያነሰ መሆኑን ገለጸች። መርከቧ የመለሰችውን ግን አብራሪዋ በውል የሰማችው አይመስልም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የምትበርርበትን መሥመር ተናገረች፤ ከዚያ ወዲያ መርከቧ ድምፅዋን አልሰማችም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሁለት ሳምንት በላይ ፈለጋት። በጥር 1939 በሕግ እንደ ሞተች ተቆጠረች፤ አውሮፕላኗ በእርግጠኝነት አልተገኘችም።