ክርስቲያን ሚኬልሰን፦ ኖርዌይን ያለ ጦርነት ከኅብረት ያስወጡት መሪ

ኖርዌይ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር 91 ዓመታት የቆየችበት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1905 ያለ ደም መፋሰስ ሲፈርስ መንግሥቷን ይመሩ የነበሩት ክርስቲያን ሚኬልሰን ናቸው።

ሚኬልሰን እ.ኤ.አ. በ1857 በወደብ ከተማዋ በርገን ተወለዱ። ሕግ ተምረው በጥብቅና ከሠሩ በኋላ የመርከብ ኩባንያ መሠረቱ፤ የበርገን ከንቲባም ሆነው አገልግለዋል።

ኖርዌይ የራሷ ሕገ መንግሥትና ፓርላማ ቢኖራትም የውጭ ጉዳይዋ የሚመራው ከስቶክሆልም ነበር። መርከቦቿ በዓለም ወደቦች የሚመላለሱባት አገር የራሴ ቆንስሎች ይኑሩኝ ማለቷ ለመርከብ ባለቤቱ ሚኬልሰን የክብር ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

በመጋቢት 1905 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ፓርላማው ያጸደቀውን የቆንስላ ሕግ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር አልፈርምም በማለታቸው ካቢኔው ሥልጣን ለቀቀ፤ ንጉሡም ሌላ መንግሥት ማቋቋም እንደማይችሉ ገልጸው መልቀቂያውን ሳይቀበሉ ቀሩ። ፓርላማው ሰኔ 7 ቀን ንጉሡ የኖርዌይ ንጉሥ ሆነው መሥራታቸው ስላበቃ ኅብረቱ ፈርሷል ሲል ወሰነ። ይህ ታላቅ ጉዳይ በውሳኔው ውስጥ የገባው እንደ ዋዛ፣ በአንድ ሐረግ ነው። በዚያው ዕለት ከንጉሡ ቤተሰብ አንድ ልዑል ለኖርዌይ ዙፋን እንዲሰጥ መጠየቁም ቁጣ ለማብረድ የታሰበ ነበር።

ስዊድን ግን ሕዝቡ ራሱ ይጠየቅ አለች። ነሐሴ 13 ቀን 368,208 ሰዎች መለያየቱን ሲደግፉ 184 ብቻ ተቃወሙ። የመምረጥ መብት ያልነበራቸው ሴቶች ከ240 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስበው ድጋፋቸውን ገልጸዋል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ፣ በስዊድኗ ካርልስታድ ከተማ በተካሄደው ድርድር ነው። ስዊድን የድንበር ምሽጎች ይፍረሱ ስትል ጠየቀች። ኖርዌይ በ1895 በቆንስላው ጥያቄ ከስዊድን ጋር ተፋጥጣ ወደኋላ ለማፈግፈግ ከተገደደች ወዲህ መከላከያዋን አጠናክራ ስለነበር ምሽጎቹን ማፍረስ ለብዙ ዜጎቿ መራራ ነበር። ድርድሩ በመስከረም መጀመሪያ ተቋርጦ ቆየ፤ ሁለቱም ወገኖች ጦር አንቀሳቀሱ።

ሚኬልሰን አዳዲሶቹ ምሽጎች እንዲፈርሱ ተስማሙ። በምትኩ ጥንታውያኑ የፍሬድሪክስተንና የኮንግስቪንገር ምሽጎች ከመፍረስ ተረፉ። ከጦር ነፃ የሆነው ቀጠና በድንበሩ ግራና ቀኝ እኩል እንዲዘረጋና ወደፊት የሚነሱ አለመግባባቶች በሄግ የግልግል ፍርድ ቤት እንዲታዩም ስምምነት ላይ ተደረሰ። ውሉ መስከረም 23 ቀን ተቋጨ። በአገር ቤት ከልክ በላይ ሰጡ ብለው የወቀሷቸው ጥቂት አልነበሩም፤ በእርግጥም የፈረሰው የኖርዌይ ምሽግ እንጂ የስዊድን አልነበረም። ይሁንና ፓርላማው ውሉን በ101 ድምፅ ድጋፍና በ16 ተቃውሞ አጸደቀው። ስዊድን በጥቅምት ወር ኅብረቱ መፍረሱን ተቀበለች፤ ንጉሡም የኖርዌይን ዘውድ ተዉ።

ሕዝቡ በኅዳር ወር በሰጠው ድምፅ የዴንማርኩን ልዑል ካርል ለንግሥና መረጠ፤ ልዑሉም ሃኮን 7ኛ ተብለው ነገሡ። ሚኬልሰን በ1907 ሥልጣናቸውን ለቀው በ1925 አረፉ። በኑዛዜ በተዉት ሀብት በ1930 በበርገን የተቋቋመው በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም ኢትዮጵያን ጨምሮ በታዳጊ አገሮች ላይ ጥናቶችን ሲያወጣ ቆይቷል።